የማለቢያ ሰዓት

«ብሬኬን ፓምፕ ሳደርግ ጨረስኩት፤ ምሳም አልበላሁ።» በዋሽንግተንና በዙሪያዋ በሆቴል፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ ወይም በአውሮፕላን ማረፊያ የሚሠሩ ወላድ እናቶች ሲጨዋወቱ እንዲህ ያለ አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም። ሴትየዋ የምታወራው ከሕፃኗ ርቃ በምትውልበት ቀን ወተቷን በመሣሪያ ወይም በእጇ አውጥታ ለማስቀመጥ ከሥራ መሀል ስለምትወስደው ጊዜ ነው። አሜሪካኖች «ላክቴሽን ብሬክ» ወይም «ፓምፕ ብሬክ» ይሉታል፤ ሕግም አውጥተውለታል። በአማርኛ «የማለቢያ ሰዓት» ቢባል ይገልጸዋል ባይ ነኝ።

«ማለብ» ለሰው መዋሉ የሚከነክነው አንባቢ ይኖራል። የሚታለበው ላም ነው፣ የእናት ጡት ይጠባል እንጂ ይታለባል ወይ ይላል። አማርኛ ግን በዚህ ጉዳይ በሁለቱ መካከል ያን ያህል አጥር አላበጀም። እንገር የላሟም የእናትየዋም የመጀመሪያ ወተት ነው። ላም ታጋታለች፤ ሳታጠባ የዋለች ሴትም ጡቷ ያጋታል። የሁለቱም ወተት ይነጥፋል። በጤና ባለሙያዎች ዘንድም «የታለበ የእናት ጡት ወተት» የሚለው አነጋገር ገብቷል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አረባቡ ላይ ነው፦ እናት ወተቷን ታልባለች፣ እሷ ራሷ ግን አትታለብም፤ «ታለበች» ከተባለ ገንዘቧን የተበላች ያስመስላታልና። «እረፍት» ያላልኩትም ሆን ብዬ ነው፤ በዚያ ጊዜ የሚያርፍ የለም። «ሰዓት» ግን እንደ ምሳ ሰዓት ነው። ሲደርስ ይወጣል፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

ሰዓት ያስፈለገው ጡት ወተት አጠራቅሞ እስኪፈለግ የሚጠብቅ ዕቃ ስላልሆነ ነው። ሕፃን ሲጠባ ወይም ወተት ሲታለብ ከአንጎል ሁለት ሆርሞኖች ይለቀቃሉ፤ ፕሮላክቲን ወተት ያሠራል፣ ኦክሲቶሲን የተሠራውን ገፍቶ ያወርዳል። ጡት ሞልቶ ሲቆይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ አካሉ «ፈላጊ የለም» ብሎ ሥራውን ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሳታልብ የምትውል እናት ከዚያ ቀን ወተት ሌላ የሚመጣውንም ሳምንት ምርት እያጣች ነው። ከዚያ ቀድሞ ሕመሙ ይደርሳል፤ ጡት ይጠጥራል፣ ሸሚዝ ይረጥባል፣ አንዳንዴም ጡቱ ይቆጣና ትኩሳት ይከተላል። አጥሚቱም፣ የአጃ ሾርባውም፣ ተልባውም መልካም ነው፤ ወላድን ይጠግናል። ከጡት ያልወጣን ወተት ግን አጥሚት አይተካውም፤ ብዙ ወተት የሚያመጣው ቶሎ ቶሎ ማውጣቱ ነው። እንዲያም ሆኖ ካለ ልክ ማለብ ሌላ ጣጣ አለው። ፍሪጅ ለመሙላት ሲባል ልጁ ከሚፈልገው በላይ ሌት ተቀን የምታልብ እናት ጡቷን ላልተፈለገ ምርት ታለማምደውና ማጋቱም ሕመሙም ይብስባታል።

ኦክሲቶሲን ሐሳብ ይነካዋል። አለቃ በር ሲያንኳኳ፣ ሰው ዘው ይላል የሚል ስጋት ሲኖር ወተት አልወርድ ይላል። ከውስጥ የሚቆለፍ በር ለአላቢዋ የቅንጦት ዕቃ ያልሆነው ለዚህ ነው። የልጅን ቪዲዮ በስልክ ማየት፣ የለበሰውን ልብስ ማሽተት፣ ጡትን ለብ ባለ ጨርቅ ማሞቅ ያወርዳል። ምክሩ ተራ ይመስላል፤ ይሠራል።

ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ለሚፈጅ የሥራ ቀን ማለብ የሚያስፈልገው በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ነው፤ ማለትም ሁለቴ ወይም ሦስቴ። ማለቡ ብቻውን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ወደ ክፍሉ መሄዱን፣ መሣሪያውን መግጠሙንና ማጠቡን ሲጨምሩበት ግማሽ ሰዓት ይሞላል። ቀጣሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ሒሳብ ላይ ነው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ፈቅደው ክፍሉን ከሦስት ፎቅ ማዶ ያደርጉታል። ማለብ የሚያምም ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የልክ ነው። ጡት ላይ የሚገጠመው ፕላስቲክ በሚሊ ሜትር የሚለካ መጠን አለው፤ ከካርቶኑ ጋር የመጣው ለሁሉም አይሆንም። የጡት ጫፍን ለክቶ የሚስማማውን መግዛት አዲስ መሣሪያ ከመግዛት ይረክሳል።

መሣሪያ የሌላት፣ መብራት የጠፋባት ወይም የመሣሪያው ድምፅ የሚያሳቅቃት እናት በእጇ ማለብ ትችላለች። ይህን ሙያ ማንኛዋም ወላድ ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት ብታውቀው እላለሁ። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ጡት ቀስ ተብሎ ይታሻል። አውራ ጣት ከላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከታች ሆነው ከጡቱ ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ ይደረጋል፤ ቀጥሎ ጣቶቹ እርስ በርስ ይጨመቃሉ፤ ከዚያ ይለቀቃሉ። ገፋ፣ ጨመቅ፣ ለቀቅ። ጣቶቹ ቆዳው ላይ አይንሸራተቱ፤ ጡቱን ለማዳረስ ቦታ ይቀያይሩ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጠብታ ብቻ ቢመጣ ተስፋ አያስቆርጥም፤ ወተቱ ሲወርድ ይንቆረቆራል። ከላም ጋር ያለው ዝምድናም እዚህ ላይ ያበቃል፤ የእናት ጡት ጫፍ አይጎተትም።

ወደ ሕጉ ስንመጣ አሜሪካ የማለቢያን ሰዓት በፌዴራል ሕግ ያወቀችው እ.ኤ.አ. በ2010 በጤና ማሻሻያው ሕግ በኩል ነው። ያኔ ብዙ መምህራንና ነርሶች ከደጅ ቀርተው ነበር። በ2022 መጨረሻ የተፈረመው፣ «ፓምፕ አክት» የሚባለው ሕግ አስገባቸው። በሕጉ መሠረት ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ሠራተኛዋ ባስፈለጋት ቁጥር ጊዜ ታገኛለች፤ ቦታውም ከሰው ዓይን የተከለለ፣ ሰው የማይገባበት፣ ሽንት ቤት ያልሆነ መሆን አለበት። ክፍያው ላይ ግን ሕጉ ቁጥብ ነው። አሠሪው ያን ጊዜ የመክፈል ግዴታ የለበትም፤ እያለበች ስልክ የምትመልስ ወይም ኮምፒዩተር ላይ የምትሠራ ከሆነ ግን ከሥራ አልተለቀቀችምና ይከፈላታል። ከ50 በታች ሠራተኛ ያለው ድርጅት ከባድ ችግር እንደሚያደርስበት ካሳየ ሊቀርለት ይችላል። የአውሮፕላን በረራ ሠራተኞችም ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው። የእኛን ሰው በብዛት የሚነካው ግን ሌላ ክፍተት ነው። ሕጉ የሚጠብቀው ተቀጣሪን ነው፤ ኡበርና ሊፍት የምትነዳ እናት በወረቀት ላይ የራሷ አሠሪ ተደርጋ ስለምትቆጠር የሚፈቅድላትም የሚከለክላትም የለም። ለእሷ የማለቢያ ሰዓት ማለት ጥላ ያለበት መኪና ማቆሚያ፣ በመኪና ቻርጀር የሚሠራ ወይም ጡት መያዣ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ፣ በረዶ የያዘ ቦርሳ ነው። መሣሪያውን አብዛኛው የአሜሪካ የጤና ኢንሹራንስ ይሸፍናል፤ ከመውለድ በፊት ደውሎ መጠየቅ ነው።

አዲስ አበባ ደርሳ ለምትመለሰው እናት ደግሞ አንድ ነገር ላስገባ፦ በአሜሪካ የአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ የ100 ሚሊ ሊትሩ የፈሳሽ ገደብ የጡት ወተትን አይመለከትም። ሕፃኑ አብሯት ባይኖርም ወተቱ ያልፋል፤ ቀድማ መናገር ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

እስራኤል ጉዳዩን በሌላ መንገድ ይዛዋለች። ሙሉ ሰዓት የምትሠራ ወላድ ከወሊድ ፈቃድ ከተመለሰች በኋላ ለአራት ወር በቀን አንድ ሰዓት ደመወዟ ሳይነካ መቅረት ትችላለች። አባትየውም ሊወስደው የሚችል መብት ሆኗል። አንድ ሰዓት ቀድሞ መውጣት ለማለብ ባይሆንም ለማጥባት ይጠቅማል።

በአገር ቤት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። በሳምንት 6 ቀን ለምትሠራ ሴት 90ው ቀን 15 ሳምንት ነው፤ 5 ቀን ለምትሠራ 18። ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት ወተት በቀር ውኃም እንዳይቀምስ የሚሰጠው ምክር ደግሞ 26 ሳምንት ይፈጃል። በመካከሉ ያሉትን ስምንት ወይም አሥራ አንድ ሳምንታት ማን ይሞላቸዋል? አዋጁ ስለ ማለቢያ ሰዓት ምንም አይልም። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር፤ ማቆያ ባለበት ማለብም አያስፈልግም፣ ወርዶ ማጥባት ይሻላል። የስፌት መስመር ላይ ለምትሠራው፣ ለባንክ ገንዘብ ያዧ፣ ለግል ትምህርት ቤት መምህርቷ ግን ሁሉም በአለቃ ደግነት የሚወሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 59 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። አለቆች ማለቢያ ሲባል ክፍል መሥራት፣ ገንዘብ ማውጣት ይመስላቸዋል። የሚያስፈልገው ወንበር፣ ሶኬት፣ የሚቆለፍ በርና እጅ መታጠቢያ ነው። የዕቃ ግምጃ ቤት ጥግ በመጋረጃ ሲከለል እንኳ ካለመኖሩ ይሻላል።

የታለበው ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ውስጥ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል፤ በበረዶ ቦርሳ 24 ሰዓት፣ በፍሪጅ 4 ቀን፣ በፍሪዘር 6 ወር። አዲስ አበባ ላይ አራቱ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል፤ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላና ሰመራ ላይ አያስኬድም። በትንሽ በትንሹ፣ ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ከፍሎ፣ ቀን ጽፎ ማስቀመጥ ብክነት ይቀንሳል። መብራት ጠፍቶ ሙሉ በሙሉ የቀለጠ ወተት በፍሪጅ እስከ 24 ሰዓት ይሰጣል፤ ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም። ላዩ ላይ ቅባት ቢንሳፈፍ አልተበላሸም፤ ዕቃውን ቀስ አድርጎ ማዟዟር ይበቃዋል።

ለአያትና ለሞግዚት ደጋግሞ የሚነገር አንድ ነገር አለ፦ አይፈላም። ወተት አፍልቶ መጠጣት የለመደ እጅ የጡቱንም ወተት ምድጃ ላይ ይጥደዋል። ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አቁሞ ለብ ማድረግ በቂ ነው፤ ማይክሮዌቭም አይሆንም፣ እኩል ስለማያሞቅ የልጅ አፍ ያቃጥላል። ማጠጫውም ጡጦ መሆን የለበትም። የጡጦ ጠባብ አፍ ቆሻሻ ይይዛል። ክፍት ኩባያ ለማጠብ ይቀልላል፤ እጀታ የሌለው የቡና ሲኒያችን ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ሕፃኑ ቀና ተደርጎ ይያዝና ሲኒው ከታችኛው ከንፈሩ ላይ ያርፋል፤ ወተቱ አይገለበጥበትም፣ እሱ ራሱ እየላሰ ይጠጣል። ያወቀ ሰው አንድ ጊዜ ቢያሳይ ሞግዚቷ ቶሎ ትለምደዋለች።

ባህላችን ለወላድ ደግ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ ይገባል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ እናቷ ወይም አማቷ መጥታ ትከርማለች፤ ልጁ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ይነሣል። ከዚያ ጠያቂ ይበተናል። የማለብ ሥራ የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር፣ ቤቱ ጭር ሲል ነው። ውጭ አገር ደግሞ ጠያቂውም ከመጀመሪያው ትንሽ ነው። እኔ ብሆን የአራስ ጥየቃዬን ከፍዬ ግማሹን ለአራተኛው ወር አቆየው ነበር፤ ቅዳሜ ሄዶ ምሳ ሠርቶ ለሳምንት ከፋፍሎ ማስቀመጥ፣ ትልቁን ልጅ ይዞ መውጣት።

ባልየው ማለብ አይችልም፤ ሌላውን ሁሉ ግን ይችላል። የመሣሪያው ዕቃዎች በየጊዜው ይታጠባሉ፤ በቀጥታ የሰሃን ማጠቢያው ሲንክ ውስጥ ሳይሆን ለብቻው በተለየ ሳህን፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና። ከዚያ በንጹሕ ቦታ ራሳቸው ይደርቃሉ፤ በፎጣ አይወለወሉም። ልጁ ሁለት ወር ካልሞላው በቀን አንድ ጊዜ ይቀቀላሉ። ይህ የማታ ሥራ የእሱ ቢሆን እሷ ግማሽ ሰዓት ትተኛለች።

አያት የምትጨነቀው ወተቱ ያንሳል ብላ ነው። ከአንድ እስከ ስድስት ወር ያለ ሕፃን በቀን በአማካይ ከ750 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ይጠጣል፤ እያደገ ሲሄድም ብዙ አይጨምርም። ለስምንት ጊዜ ሲካፈል በአንድ ጊዜ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ይደርሰዋል። ስለዚህ እናት ዘጠኝ ሰዓት ብትቆይ 300 ገደማ ይበቃል፤ ፍሪጅ ሙሉ ክምችት አይጠየቅም። ልጁ እሷ ልትገባ ግማሽ ሰዓት ሲቀር ቢነጫነጭ ጥቂት ይቅመስ እንጂ አይጥገብ። እናቱ ጡቷ አጋቶ እየመጣች ነው።