አውቶክሮም ሳህን
መስታወት፣ ቀለም የተነከረ የድንች ስታርች፣ ብር ያዘለ ቅብ። 9 በ12 ሴ.ሜ። ዳሆሜ (የዛሬዋ ቤኒን)፣ እ.ኤ.አ. 1930። ፎቶ አንሺ፦ ፍሬዴሪክ ጋድሜር።

የቀለሙ ምንጭ ድንች ነው። የሉሚየር ወንድማማቾች ፋብሪካ ደቃቅ የስታርች ቅንጣቶችን ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ እየነከረ በመስታወት ላይ ይነሰንሳቸው ነበር። ብርሃን ከኋላ ሲያልፍባቸው ለዓይን ተዋሕደው ሙሉ ቀለም ይሰጣሉ።

ፈረንሳዊው የባንክ ባለሀብት አልበርት ካን ከ1909 ጀምሮ ዓለምን በምስል እንዲመዘግቡ ባለሙያዎችን ላከ፤ 72,000 ያህል ሳህኖች ተሰበሰቡ። ጋድሜር ከሚሲዮናዊው ፍራንሲስ ኦፒዬ ጋር ዳሆሜ ተጉዞ ብቻውን ከ1,000 በላይ አነሳ።

ሳህኑ ብርሃኑን ለመቀበል ሰከንዶች ይፈጅበታል። በምስሉ ላይ ያሉት ሰዎች ቀጥ ብለው የቆሙት ለዚህ ነው፤ የዝምታ ጠባያቸው ተደርጎ ሊታይ አይገባም። እንቅስቃሴ ያለበትን የዳሆሜ ጭፈራና የአምልኮ ሥርዓት ግን ጋድሜር በጥቁርና ነጭ ፊልም ቀርጿል።

የ1929ኙ የአክሲዮን ገበያ ውድቀት ካንን አክስሮት ሥራው በ1931 ገደማ ቆመ።