ላብና ቅመም

አረቄ የሚለው ስም ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም ላብ ማለት ነው። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ በጠብታ ሲወርድ ከሰው ፊት እንደሚፈስ ላብ ይመስላልና። ሽቶ ስለ ማንጠር የተጻፈ መጽሐፍም በ9ኛው መቶ ዓመት በነበረው በዐረቡ ሊቅ በአል ኪንዲ ስም ይጠራል።

በአገራችን ይህን የማንጠር ጥበብ የያዙት እናቶች ናቸው፤ መሣሪያቸውም የሸክላ ማሰሮ፥ ቅልና ሸምበቆ ነው። የደሴ ደጋ ገብስ ይሰጣል፥ ኮምቦልቻና ቃሉ ግን ወደ ቆላ ያዘነብላሉና ማሽላ ይሰጣሉ፤ ጌሾውና ብቅሉ ለሁለቱም አንድ ነው። ከዚያ ወዲያ ሙከራ ይከተላል፤ አንዷ እንስላል፥ ሌላዋ ማር፥ ሌላዋም ኮሶ ትጨምራለች።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ መሞከር ነውር አይደለም። ነገር ግን ቅመም የሚጨመረው በሁለት ምክንያት መሆኑን አስተውል፤ አንዱ መልካሙን ለማሳመር፥ ሁለተኛው ክፉውን ለመሸፈን ነው። ሜታኖል የሚባለው መርዝ በመልኩም በሽታውም ከደኅናው አልኮል እምብዛም አይለይም፤ ዓይን ያሳውራል፥ ይገድላልም። እንስላል ሽታውን ያጣፍጥ ይሆናል እንጂ መርዙን አያወጣውም።

ስለዚህ የባለሙያ ሴት ክብሯ በቅመሟ ብዛት አይደለም፤ ለጎረቤት የምትሸጠውን ለገዛ ባሏ ለመቅዳት ባለመፍራቷ ነው። በወሎም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶ ይኖራልና፥ የማይጠጣ እንግዳ ሲመጣባት ቀሪቦ ታቀርብለታለች እንጂ በአረቄ አታስጨንቀውም።

አረቄ ላብ ከሆነ፥ ላቡ የእውነት ይሁን።