«ፍቱን» ማለት «የተፈተነ» ነበር

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው የበቆሎ አገር «መድኃኒት» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም አለበት። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ክኒን መድኃኒት ነው። ደብተራው የሚቀምመው ሥርና ቅጠልም መድኃኒት ነው። ማሳ ላይ የሚረጨው ኬሚካል «የአረም መድኃኒት»፣ እህል ውስጥ የሚገባው መርዝ «የነቀዝ መድኃኒት» ይባላል። «መድኃኒት አደረጉበት» ከተባለ ደግሞ ነገሩ ማዳን ሳይሆን መጉዳት ነው።

ቃሉ ከግዕዝ የመጣ ነው፤ ሥሩ «መዳን» ነው፤ መድኃኔዓለም የምንለውም ከዚያው ነው። የሚያድነውም የሚገድለውም በአንድ ስም መጠራቱ የአማርኛ ጉድ ብቻ አይደለም። «ፋርማሲ» የተገኘበት የግሪኩ «ፋርማኮን»ም መድኃኒትም መርዝም ማለት ነው። ሁለቱን የሚለያያቸው ስማቸው ሳይሆን መጠናቸውና አጠቃቀማቸው ነው። የመድኃኒት ቁጥጥር ታሪክም በአጭሩ ይህንን ልዩነት በቃል፣ በቁጥርና በሕግ የማሰር ታሪክ ነው።

የአገራችን ሊቃውንት ለዚህ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። በብራና ተጽፈው የቆዩት የመድኃኒት መጻሕፍት የራሳቸው ሙያዊ ቋንቋ አላቸው። ሁለት ቃላት በተለይ ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው «ማርከሻ» ነው፦ መድኃኒቱ ከልክ ሲያልፍ ኃይሉን የሚሰብረው ነገር። ማርከሻ የሚጽፍ ሰው መድኃኒት ሊጎዳ እንደሚችል ያውቃል ማለት ነው። ሁለተኛው «ፍቱን» ነው። ዛሬ «ፍቱን መድኃኒት» ሲባል «አዳኝ፣ ፈዋሽ» ብለን እንረዳለን። ቃሉ ግን «ፈተነ» ከሚለው የወጣ ነው። ፍቱን ማለት የተፈተነ ማለት ነው። ማዳኑ የሚታወቀው ከፈተና በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ቃሉ ውስጥ ተቀምጧል።

የኮሶ ታሪክ የቃልን ጉልበትና ድካም አብሮ ያሳያል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ኮሶ ዛፍ ጽፏል፤ ሥዕሉንም አውጥቷል፤ ሕዝቡ በየወሩ እንደሚጠጣውም መዝግቧል። በእኛ ዘንድ ትሉም ኮሶ፣ ዛፉም ኮሶ፣ መጠጡም ኮሶ ነው። በሽታውና መድኃኒቱ ስም ተጋርተዋል።

አውሮፓ ሲደርስ ግን ስሙ በዛ። ብሩስ ለእንግሊዛዊው ሊቅ ለጆሴፍ ባንክስ ክብር «ባንክሲያ» አለው፤ ስሙ ቀድሞ ለአውስትራሊያ ዕፅ ተሰጥቶ ስለነበር አልጸናም። ከዚያ በኋላ በኮኒግስበርጉ መድኃኒት ቀማሚ በካርል ሃገን ስም «ሃገኒያ» ተባለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በቁስጥንጥንያ ይሠራ በነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም በብራየር ስም «ብራየራ» ተብሎ ተሸጠ። ሦስቱም የውጭ ሰዎች ስሞች ናቸው። ከብሪታንያ ፋርማኮፒያ ማለትም ከመንግሥት የመድኃኒት መዝገብ ሲገባ ግን «ኩሶ» ተብሎ የአገሩን ስም ይዞ ገባ።

መዝገቡ ለኮሶ የጨመረለት ትልቅ ነገር መጠን ነበር። የሴቴዋ አበባ ከወንዴው ትበረታለች፤ ትኩሱ ከቆየው ይለያል። አንዱ ቤት በእፍኝ፣ ሌላው ቤት በዋንጫ ሲለካ፣ ለአንዱ ያነሰው ለሌላው ይበዛል። ኮሶ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ዓይን እስከ ማጥፋት፣ ነፍስ እስከ መንጠቅ ይደርሳል። አያቶቻችን መድኃኒቱን አውቀዋል፤ ወጥ መለኪያ ግን አልነበራቸውም።

አንድ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት አሜሪካንን መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1937 አንድ ኩባንያ ሰልፋኒላማይድን በመርዛማ ፈሳሽ አሟሙቶ «ኤሊክሲር» በሚል ስም ሸጠ። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸው ሕፃናትም ነበሩ። በጊዜው ደህንነቱ ያልተፈተሸ መድኃኒት መሸጥ ወንጀል አልነበረም። መንግሥት ኩባንያውን የያዘው በአንዲት ቃል ነው፦ «ኤሊክሲር» አልኮል ያለበት ማለት ሲሆን ጠርሙሱ ውስጥ አልኮል አልነበረም። ሕጉ ስለ ሞቱት አንዳች ሳይል ስለ ስሙ ቀጣ። በማግስቱ፣ በ1938፣ ከሽያጭ በፊት ደህንነትን ማስመስከር ግዴታ ሆነ። ፈዋሽነትን ማስመስከር የተጨመረው በ1962 ነው።

ኢትዮጵያም የራሷን መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ1964 የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 ወጣ። በአዋጅ ቁጥር 176/1991 መድኃኒትን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ አዋጅ 661/2002 እና አዋጅ 1112/2011 ተከተሉ። በዚህ ጉዞ ሦስት ቃላት ጸንተዋል፦ ደህንነት፣ ፈዋሽነት፣ ጥራት። ቃላቱ መልካም ናቸው። «ፈዋሽነት» ከፈውስ፣ «ደህንነት» ከዚያው ከመዳን ሥር የመጡ ናቸው።

ችግሩ ቃላቱ ከነጋሪት ጋዜጣ ወርደው ገበሬው እጅ ላይ አለመድረሳቸው ነው። ከቡሬ ገጠር የመጣች እናት የምትቀበለው እሽግ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበው ደግሞ የመጠቀሚያ ጊዜው ነው። እሽጉ ላይ «2024» የሚል ቢታተም፣ ያ ቁጥር በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ2017 ዓ.ም. ያነበበው ሰው ግን ገና ሰባት ዓመት የቀረው ሊመስለው ይችላል፤ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት አምኖ ይውጠዋል። አንብቦ መሳሳት ካለማንበብ የባሰበት ቦታ ይህ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ጦርነት መንገድ ሲዘጋና አቅርቦት ሲቋረጥ ይህ ጣጣ ይብሳል። ጤና ጣቢያው ባዶ ሲሆን ሰው ከየትም የመጣውን ይገዛል። በዚያን ሰዓት ተቆጣጣሪ አጠገቡ የለም፤ ያለው እሽጉ ላይ የታተመው ጽሑፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ መጠኑን፣ ማስጠንቀቂያውንና የመጠቀሚያ ጊዜውን በአማርኛና በአገራችን የዘመን አቆጣጠር መጻፍ የቋንቋ ፍቅር ጥያቄ አይደለም፤ የደህንነት ጥያቄ ነው። ይህ በፋብሪካ ባይሆን እንኳ መድኃኒቱን በሚያድለው ባለሙያ እስክሪብቶ ሊሠራ ይችላል። የብራናው ጸሐፊ «ማርከሻው ይህ ነው» ብሎ ለአንባቢው በሚገባው ቋንቋ ጽፎ ነበር። የዛሬው እሽግ ከዚያ ማነስ የለበትም።