ብልሽቱ እዚያው አይቀርም፦ የዩኒቨርሲቲ ልገሳን ስለ ማስተባበር ከካርል ዊክ ጋር የሚደረግ ክርክር

ካርል ዊክ እ.ኤ.አ. በ1976 በ«አድሚኒስትሬቲቭ ሳይንስ ኳርተርሊ» መጽሔት ያሳተመውን ጽሑፍ ሳይጠቅስ ስለ ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር የሚጽፍ ሰው ብዙ አይደለም። የትምህርት ተቋም ክፍሎች እርስ በርስ የተሳሰሩት በላላ ገመድ ነው፤ ይህ መላላት ደግሞ ጉዳት ብቻ ሳይሆን ጥቅምም አለው ይላል። ከዘረዘራቸው ሰባት ጥቅሞች ሁለቱን እዚህ አነሣለሁ። አንደኛው፣ በአንድ ክፍል የደረሰ ብልሽት እዚያው ተወስኖ ይቀራል፣ ሌሎቹን አይነካም የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ማስተባበር ጊዜና ገንዘብ ስለሚበላ የላላው ሥርዓት ወጪው ዝቅተኛ ነው የሚለው ነው። ስለ ክፍል ትምህርትና ስለ ሥርዓተ ትምህርት ከሆነ ልቀበለው እችላለሁ። ለጋሾችን በተመለከተ ግን ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

ስለ ገቢ ማሰባሰብ የተጻፈውን እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ስኮት ካትሊፕ (1965) የአሜሪካኑን ታሪክ፣ ሃሮልድ ሲይሙር (1966) ዘዴውን ጽፈዋል። ካትሊን ኬሊ (1998) ከስጦታው በኋላ ለለጋሹ የሚደረገውን ክትትል ራሱን የቻለ የሥራ ደረጃ አድርጋ አስቀምጣዋለች። ከእነርሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ «ማስተባበር» ሲባል ነገሩ ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ከሚጠብበት ልማድ ጋር ነው፤ ማን ማንን ይጠይቅ? የሕክምናው ዲንና የሕጉ ዲን አንዱን ሀብታም ምሩቅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደጁን እንዳያንኳኩበት ማዕከላዊው ቢሮ ፈቃድ ይሰጣል፣ ተራ ያስይዛል። ጠቃሚ ነው፤ ግን ትንሹ ሥራ ነው። ገንዘቡ ከገባ በኋላ የተገባውን ቃል የሚጠብቀው ማን ነው? ዊክን ተከትለው የሚጽፉት ይህን ጥያቄ ለየኮሌጁ ትተውታል።

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለው ምንጭ በአስተዳደር ጥናት ውስጥ የሚገባውን ቦታ ያላገኘና ለሕግ ሰዎች የተተወ የክስ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ቻርልስና ማሪ ሮበርትሰን የተባሉ ባልና ሚስት ለፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ 35 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ሰጡ። የሀብቱ ምንጭ ኤ ኤንድ ፒ የተባለው የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ኩባንያ ነበር። ዓላማው የዩኒቨርሲቲውን የዉድሮው ዊልሰን ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ለመንግሥት ሥራ፣ በተለይም ለዓለም አቀፍ ጉዳዮች ማዘጋጀት ነበር። ገንዘቡን የሚይዝ የተለየ ፋውንዴሽን ተቋቋመ፤ ከሰባቱ የቦርድ አባላት አራቱን ዩኒቨርሲቲው፣ ሦስቱን ቤተሰቡ ይሰይም ነበር። ለጋሾቹ ሞቱ፣ የፈረሙት የዩኒቨርሲቲው ሰዎችም ቦታቸውን ለሌሎች ለቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2002 ልጃቸው ዊልያምና ሌሎች የቤተሰቡ አባላት ዩኒቨርሲቲውን ከሰሱ። ገንዘቡ ከታለመለት ዓላማ ውጭ ለሌሎች የትምህርት ክፍሎች ጭምር ውሏል፣ ወደ መንግሥት ሥራ የሚገቡት ተመራቂዎችም ጥቂት ናቸው አሉ። ዩኒቨርሲቲው አስተባበለ። ስድስት ዓመት ተሟግተው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 በስምምነት ጨረሱ። ፋውንዴሽኑ ፈረሰ፣ ዋናው ገንዘብ ለዩኒቨርሲቲው ቀረ። በምላሹ ለቤተሰቡ የክርክር ወጪ 40 ሚሊዮን፣ ቤተሰቡ ለሚያቋቁመው አዲስ ፋውንዴሽን ደግሞ 50 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ተወሰነ።

እንግዲህ ዊክን በዚህ እንመዝነው። ለአንድ ትምህርት ቤት የተሰጠ ገንዘብ ነበር፤ በሕግ ሳይቀር በተለየ ድርጅት ታጥሮ ነበር። ብልሽት እዚያው ተወስኖ መቅረት የሚችል ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ አጥር ከየት ይመጣል? ሆኖም ፍርድ ቤት የቆመው ትምህርት ቤቱ ብቻ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው በሙሉ ስሙ ነው። ክርክሩ ራሱ የተወለደው ገንዘቡ ከክፍል ወደ ክፍል ተሻግሯል ከሚል ክስ ነው። ለጋሽ ዩኒቨርሲቲውን የሚያየው እንደ አንድ ሰው ነው፤ ግራ እጁ ያጠፋውን ቀኝ እጁ አላውቅም ቢል አይሰማውም። የወጪው ነገርማ ምን ይባላል። አንድ ደህና መዝገብ ቤት ከነሠራተኞቹ ለስንት ዘመን 90 ሚሊዮን ዶላር ይፈጅ ነበር?

ከአንድ ክስ አጠቃላይ ሕግ ማውጣት እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ዊክም ለእያንዳንዱ ጥቅም ተጓዳኝ ጉዳቱን ጽፏል፤ የተነጠለ ክፍል ሲበላሽ ከሌሎቹ እርዳታ ስለማያገኝ ለመጠገን ያስቸግራል ብሏል። ነገር ግን ተከታዮቹ የያዙት ጥቅሙን እንጂ ጉዳቱን አይደለም። የፕሪንስተን ጉዳይ፣ ገንዘቡ በራሱ ቦርድ ይተዳደር ስለነበር፣ ልዩ ነው የሚል መቃወሚያም ይነሣል። ልዩነቱ ግን ክርክሬን ያጠናክርልኛል፤ ያን ያህል የታጠረው ካፈሰሰ ያልታጠረው እንዴት ይሆናል?

የበለጠ የሚከብደው መቃወሚያ የዬል ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊ ባስ የተባለ ምሩቅ የምዕራቡን ሥልጣኔ ለማስተማር 20 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። እዚያ ጉዳዩ በአንድ ኮሌጅ ጓዳ የተደበቀ አልነበረም። ፕሬዚዳንቱ ቤኖ ሽሚት ያውቁት ነበር፤ የዬል ኮሌጅ ዲን ዶናልድ ኬጋንም ዋና ደጋፊው ነበሩ። ታዲያ ማዕከሉ እያወቀ ካልተሳካ ማስተባበር ምን ይፈይዳል? መልሱ ቀኑ ላይ ነው። ሁለቱም በ1992 ከኃላፊነታቸው ወረዱ። መርሐ ግብሩ ሳይጀመር ቆየ፣ ለጋሹ በመምህራን ምርጫ ላይ ድምፅ ይሰጠኝ አለ፣ ዩኒቨርሲቲው እምቢ አለ፣ በ1995 ገንዘቡ ተመለሰ። መምህር የመምረጥ መብትን ለለጋሽ አለመስጠት ትክክል ነበር፤ በዚህ ላይ አልከራከርም። ግን ነገሩ እዚያ የደረሰው ቃሉ በሰዎች ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሰዎቹ ሲሄዱ ወራሽ በማጣቱ ነው። ስለዚህ ማስተባበር የምለው ሥልጣንን ወደ ላይ መሰብሰብ ሳይሆን የቃልን ወራሽ ማበጀት ነው።

ሃርቫርድን የሚጠቅሱ አሉ። ፋኩልቲዎቹ እያንዳንዳቸው በራሳቸው በጀት የሚቆሙ ሆነው ሳለ እ.ኤ.አ. በ2013 በይፋ የተጀመረው ዘመቻ በ2018 ሲዘጋ 9.6 ቢሊዮን ዶላር አስገብቷል፤ ስለዚህ መላላት ይከፍላል ይላሉ። ይህ አኃዝ የገባውን ብቻ ይቆጥራል። የተገባው ቃል ስንቱ እንደተፈጸመ ከ40 ዓመት በኋላ እንጂ ዘመቻው በተዘጋ ማግስት አይታወቅም። ፕሪንስተንም በ1961 ደስተኛ ነበር።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲመሠረት የተዋቀረው የየራሳቸው አጋዥ ከነበራቸው ኮሌጆች ነው። የዓለማያው የግብርና ኮሌጅ ከኦክላሆማ፣ የሕንፃ ኮሌጁ ከስዊድን፣ የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የተሳሰሩ ነበሩ። ዊክ የላላ ትስስር ያለውን ሳይጽፍ እኛ ኖረንበታል። ዛሬ የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሲሆን፣ የራስን ገቢ የማፈላለግ ጥያቄ ከየኮሌጁ ጓዳ ወጥቶ አደባባይ ላይ ቆሟል። የመግባቢያ ሰነድ የሚፈርም ዲን የሥራ ዘመኑ ሲያልቅ ይወርዳል፤ ሰነዱ በመሳቢያ ይቀራል። ውጭ አገር ያለው ምሩቅ ለቀድሞ ትምህርት ክፍሉ የላከው መሣሪያ ምን ላይ እንደዋለ ሲጠይቅ የሚመልስለት ያጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያኮርፈውም በትምህርት ክፍሉ ብቻ አይሆንም።

ኮሌጆች የመጠየቅ ነጻነታቸውን ይያዙ፤ ለጋሻቸውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ማዕከሉ ሊይዝ የሚገባው አንድ የቃል መዝገብ ነው። ለጋሹ ማን ነው፣ ምን ሰጠ፣ ዓላማውን በራሱ አነጋገር እንዴት ገለጸው፣ ማን ፈረመለት፣ ፈራሚው ሲለቅ ማን ተካው፣ ሪፖርቱ መቼ ይደርሰዋል። በዚህ መዝገብ ያልሰፈረ ስጦታ እንዳይፈረም የማገድ ሥልጣን ለማዕከሉ ይሰጠው። የዩኒቨርሲቲ ቦርዶች የገቢ ማሰባሰቢያ ቢሮ ከመክፈታቸው በፊት ይህን መዝገብ ይክፈቱ፤ የመጀመሪያው ገጽም እስካሁን በየኮሌጁ በተፈረሙት ሰነዶች ይሞላ።