የኢትዮ ጃዝ ሸክላ ስብስብ

የኢትዮ ጃዝ ሸክላ ስብስብ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የወጡ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የኢትዮጵያ ጃዝና ዘመናዊ ሙዚቃ ሸክላዎችን፣ በኋላም ዳግም የታተሙትን፣ እየመረጡ ማሰባሰብ፣ መመዝገብና መጠበቅ ነው። የግል አሳታሚዎች በሀገር ውስጥ የሠሩበት ዘመን አሥር ዓመት ገደማ ብቻ ስለነበር እያንዳንዱ ሸክላ የታሪክ ሰነድ ነው።

ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር። ይህን አጥር በ1969 ደፍሮ የጣሰው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ነው። ቅጂው አዲስ አበባ እየተሠራ፣ ሸክላው መጀመሪያ ሕንድ፣ ቀጥሎ ሊባኖስ ይታተም ነበር። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ቆየ፤ የዓሊ ታንጎ ካይፋ ሪከርድስም ጎን ለጎን ሠራ። ከዚያ የደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የምሽት ክበቦችን አዳከመ፤ ካሴትም ርካሽና ለመባዛት ቀላል በመሆኑ ሸክላን ከገበያ አስወጣው።

የስብስቡ ምሰሶ ሙላቱ አስታጥቄ ነው። በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ በወርዚ ሪከርድስ የወጡት ሁለቱ የ«አፍሮ ላቲን ሶል» አልበሞች፣ በ1972 በዚያው አሳታሚ የወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» እና በ1974 በአምሃ የታተመው «የካቲት» አንድ ሰው ሐሳቡን እንዴት እንዳሳደገ በቅደም ተከተል ያሰማሉ። ከላቲን ምት ተነሥቶ የራሳችንን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች በቪብራፎንና በኪቦርድ ወደ ጃዝ አስገባቸው። በ1977 በካይፋ የወጣው የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ «ቸ በለው» ከዚህ ጎን መቀመጥ አለበት፤ «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።

ቅጂው አዲስ አበባ፣ ኅትመቱ ባሕር ማዶ ስለነበር በጎጃም ለብቸናና ለሞጣ ሰብሳቢ ሁለቱም ሩቅ ናቸው። ሙዚቃው ግን ለጆሮው ቅርብ ነው። ብቸና የአርበኛው የበላይ ዘለቀ አገር ናት፤ ሽለላና ፉከራ በሠርግም በበዓልም የሚሰማባት። ይህን ስልት በሳክስፎን ያወጣው ጌታቸው መኩሪያ ነው፤ እንደ ሸላይ ድምፁን አጉልቶ፣ ቆርጦ፣ እየተንደረደረ ይነፋል። ጃዝን ከውጭ መጽሐፍ ያላጠና የሞጣ አድማጭ ስሜቱን ወዲያው ይይዘዋል። ስለዚህ የጎጃም ሰብሳቢ ከሙላቱ የኒው ዮርክ አልበሞች ይልቅ ከጌታቸው ቢጀምር ይሻለዋል። በጎጃም የተወለደው ሙሉቀን መለሰ ከዳህላክ ባንድ ጋር ለካይፋ የሠራው አልበምም፣ ጥብቅ ጃዝ ባይባል፣ ከስብስቡ ሊጎድል አይገባም።

የመጀመሪያ ኅትመቶች ዛሬ ውድ ናቸው፤ ብዙዎቹም ወደ አውሮፓና አሜሪካ ተሻግረዋል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለ ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ነው፤ 4ኛው ቅጽ ለሙላቱ፣ 14ኛው ለጌታቸው ተሰጥቷል። በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም የሙላቱን ሥራዎች ሲጠቀም ፈላጊው በረከተ። ጀማሪ በዳግም ኅትመት ቢጀምር ነውር የለውም፤ «ቸ በለው» በ2014፣ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በ2017 እንደገና በሸክላ ወጥተዋል። አሮጌ ሸክላ የሚገዛ ግን በመሐሉ ወረቀት ላይ ያለውን የአሳታሚ ስምና ቁጥር ማየት አለበት፤ የአምሃ ነጠላ ሸክላዎች ቁጥር «ኤ ኢ» በሚሉ የላቲን ፊደላት ይጀምራል። ሸክላውን በብርሃን ሥር አዘንብሎ ጭረቱን መመርመር፣ መጣመሙንም ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጦ ማየት ይገባል።

ማጫወቻው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከአሜሪካ የሚመጡ አንዳንድ አሮጌ ማጫወቻዎች ሞተራቸው ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ኃይል መቀነሻ ትራንስፎርመር ቢገባም ዙሩ አንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ድምፁ ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ይወርዳል። ያን ጊዜ የሚሰማው ሙዚቀኛው የተጫወተው አይደለም። የደከመ መርፌም ሸክላውን ስለሚፈቀፍቅ በጊዜው መቀየር አለበት።

ብቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸውና የሙቀት ሥጋት ትንሽ ነው። የክረምቱ እርጥበት ግን የሸክላውን ልባስ ያሻግታል። ሸክላ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይቁም እንጂ አይደራረብ፤ ከግድግዳና ከመሬት ይራቅ፤ ሲጸዳ በተጣራ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ መስመሩን ተከትሎ ይጠረግ።

ቤታችሁ ውስጥ ከወላጆቻችሁ የቀረ ሸክላ ካለ፣ ለነጋዴ ከመስጠታችሁ በፊት የአሳታሚውን ስም፣ ቁጥሩን፣ የተገዛበትን ቦታና የገዛውን ሰው ታሪክ ጽፋችሁ አስቀምጡ።