የአሜሪካ የከባድ መኪና ሾፌሮችና «ፐር ዲየም»፤ ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ?

በአገራችን «የውሎ አበል» ሲባል ሠራተኛው ለመስክ ሥራ ሲወጣ ከደመወዙ በላይ የሚታሰብለት የምግብና የመኝታ ገንዘብ ነው። ስለሆነም አበል ሲሰጠው «ይቅርብኝ» የሚል ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በአሜሪካ በከባድ ጭነት መኪና ሥራ የተሰማሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ግን ኩባንያቸው «ፐር ዲየም» ሊከፍላቸው ሲጠይቃቸው ቆም ብለው ያስባሉ። እንዲያስቡም ይገባል። ቃሉ አንድ ይምሰል እንጂ ነገሩ የተለያየ ነው። በአሜሪካ የጭነት ኩባንያዎች ዘንድ ፐር ዲየም አብዛኛውን ጊዜ በደመወዝ ላይ የሚጨመር ሳይሆን፣ ከራሱ ከደመወዙ ተቀንሶ ስሙ የተለወጠ ገንዘብ ነው።

አሠራሩ እንዴት ነው?

ረጅም ርቀት የሚነዳ ሾፌር በአብዛኛው የሚከፈለው በማይል ነው። ለምሳሌ በማይል 60 ሳንቲም የሚያገኝ ሾፌር ፐር ዲየም ሲቀበል 48 ሳንቲሙ ደመወዝ፣ 12 ሳንቲሙ ደግሞ የመንገድ ምግብና የልዩ ልዩ ወጪ ማካካሻ ተብሎ ይከፈለዋል። ማካካሻ የተባለው ክፍል ከገቢ ግብር ነፃ ነው። ለሶሻል ሴኪዩሪቲ (ለመንግሥት ጡረታ) 6.2 በመቶ፣ ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የሕክምና መድን) 1.45 በመቶ የሚቆረጠው መዋጮም አይነካውም።

ኩባንያውም ያለ ምክንያት አልተጋበዘም። አሠሪው በበኩሉ ተመሳሳይ 7.65 በመቶ የመክፈል ግዴታ ስላለበት፣ ደመወዝ የተባለው ገንዘብ ባነሰ ቁጥር የእሱም መዋጮ ይቀንሳል።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) ለትራንስፖርት ሠራተኞች ልዩ የቀን ተመን ያወጣል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ተመኑ በአሜሪካ ዋና ምድር በቀን 80 ዶላር ሲሆን፣ ሾፌሩ ከቤቱ የሚነሳበትና የሚመለስበት ቀን እንደ ሦስት አራተኛ ቀን ሊታሰብ ይችላል። ከተመኑ በላይ የሚከፈል ገንዘብ እንደ ደመወዝ ግብር ይከፈልበታል።

ፐር ዲየም የሚገባው ሥራው ከቤቱ ርቆ እንዲያድር ወይም እንዲያርፍ ለሚያስገድደው ሾፌር ብቻ ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤቱ የሚገባ ሾፌር አይመለከተውም። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነጥብ አለ። ኪራይ ለመቆጠብ ሲሉ አፓርታማቸውን ለቅቀው መኪናው ውስጥ ብቻ የሚኖሩ ሾፌሮች በሕጉ ዓይን «ከቤታቸው የራቁ» አይደሉም። የሚርቁት ቤት የላቸውምና ይህ ከግብር ነፃ ክፍያ አይፈቀድላቸውም።

እስከ 2017 ድረስ ተቀጣሪ ሾፌር ኩባንያው ፐር ዲየም ባይከፍለውም እንኳ በዓመታዊ የግብር ማስታወቂያው ላይ ራሱ ተቀናሽ መጠየቅ ይችል ነበር። በ2017 የወጣው የግብር ሕግ ይህን መብት ከ2018 ጀምሮ አገደ፤ በሐምሌ 2025 የጸደቀው ሕግ ደግሞ እገዳውን ቋሚ አደረገው። በመሆኑም ዛሬ ፎርም ዳብሊው-2 የሚቀበል ተቀጣሪ ሾፌር ከዚህ ጥቅም የሚካፈለው በኩባንያው በኩል ብቻ ነው። የራሱን መኪና የሚነዳ ወይም በግሉ የሚሠራ ሾፌር ግን የቀኑን ተመን 80 በመቶ፣ ማለትም 64 ዶላር፣ ከንግድ ገቢው ላይ ራሱ መቀነስ ይችላል።

ሒሳቡ ሲሠራ

የስቴት የገቢ ግብር በሌለባት ቴክሳስ የሚኖር፣ ባለቤቱ የማትሠራ፣ ልጅ የሌለው ሾፌር እንውሰድ። በሳምንት 2,500 ማይል፣ በዓመት 48 ሳምንት ቢነዳ 120,000 ማይል ይሆናል። በማይል በ60 ሳንቲም ሒሳብ ዓመታዊ ክፍያው 72,000 ዶላር ነው።

12 ሳንቲሙ ወደ ፐር ዲየም ቢዞርለት 14,400 ዶላር ከግብር ነፃ ይሆናል፤ ደመወዙ 57,600 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። በ2025 የግብር ሰንጠረዥ ይህ ሰው በ12 በመቶ እርከን ውስጥ ስለሚገኝ 1,728 ዶላር የገቢ ግብር ያድናል። ከሶሻል ሴኪዩሪቲና ከሜዲኬር መዋጮ ደግሞ ወደ 1,102 ዶላር ይቀርለታል። በድምሩ 2,830 ዶላር ገደማ በኪሱ ይገባል።

ይሁንና አንዳንድ ኩባንያዎች ፐር ዲየም ለሚቀበል ሾፌር አጠቃላይ የማይል ክፍያውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ ደመወዙ 48 ሳንቲም እንዳለ ሆኖ ፐር ዲየሙ 10 ሳንቲም ብቻ ቢሆን፣ ሾፌሩ በዓመት 2,400 ዶላር ያጣል። ከግብር ያዳነው 2,830 ዶላር በዚህ ሲጣፋ የሚተርፈው 430 ዶላር ብቻ ነው። ቅናሹ ሁለት ሳንቲም ተኩል ቢሆን ጭራሹን ኪሳራ ይሆናል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ «ፐር ዲየሙ ስንት ነው?» ሳይሆን «ሁለቱ ሲደመሩ በማይል ስንት ይመጣል?» የሚለው ነው።

ዛሬ የማይታየው ወጪ

የሶሻል ሴኪዩሪቲ ጡረታ የሚሰላው ከፍተኛ ደመወዝ በተገኘባቸው 35 ዓመታት አማካይ ነው። ፐር ዲየም በዚህ መዝገብ ውስጥ አይገባም። በምሳሌያችን ያለው ሾፌር ፐር ዲየም የወሰደበት እያንዳንዱ ዓመት በሙሉ የጡረታ ዕድሜው ከሚያገኘው ወርኃዊ ክፍያ ላይ በዛሬ ስሌት ወደ 11 ዶላር ይቀንሳል። አሥር ዓመት ከወሰደ ቅናሹ በወር 110 ዶላር ገደማ፣ በዓመት ከ1,300 ዶላር በላይ ይሆናል፤ እሱም ዕድሜ ልክ ነው። በሌላ በኩል በእነዚያ አሥር ዓመታት ሳይቆረጥ የቀረለት መዋጮ ወደ 11,000 ዶላር ይጠጋል። ገንዘቡን ለይቶ ያስቀመጠ ሰው ብዙም አይጎዳም። ለዕለት ወጪ ያዋለው ግን ጉዳቱን በእርጅናው ያገኘዋል።

በአካል ጉዳት ምክንያት ሥራ ላቆመ ሰው የሚከፈለው የሶሻል ሴኪዩሪቲ ክፍያም የሚሰላው ከዚሁ የደመወዝ መዝገብ ነው። በሥራ ላይ ለሚደርስ አደጋ በሚከፈል ካሣ ስሌት ፐር ዲየም መታሰቡ ወይም አለመታሰቡ እንደየስቴቱ ሕግ ይለያያል።

ቤት ለመግዛት ያሰበም ሊጠነቀቅ ይገባል። አበዳሪ ባንክ የሚመለከተው በዳብሊው-2 እና በግብር ማስታወቂያ ላይ የሰፈረውን ገቢ ስለሆነ፣ 72,000 ዶላር የሚያገኘው ሾፌር በወረቀት ላይ የ57,600 ዶላር ሰው ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ለእኛ ሰዎች ይበልጥ የሚቀርበው ግን ቤተሰብ የማስመጣት ጉዳይ ነው። ዘመዱን በስደተኛ ቪዛ ለማስመጣት ፎርም አይ-864ን የሚሞላ ሰው በአብዛኛው ከፌዴራሉ የድህነት መመዘኛ 125 በመቶ የሚደርስ ገቢ እንዳለው ማሳየት ይጠበቅበታል። ባለቤትና ሦስት ልጆች ያሉት የአሜሪካ ዜጋ አባትና እናቱን ላስመጣ ቢል የሚቆጠረው ሰባት ሰው ነው፤ በ2025 መመዘኛ መሠረትም 60,812 ዶላር ያስፈልገዋል። በ72,000 ዶላር ያልፋል፣ በ57,600 ግን ይጎድለዋል። በእርግጥ ተጨማሪ ዋስ ማቅረብ ወይም ንብረት ማሳየት ይቻላል። ቢሆንም አስቀድሞ አውቆ መወሰንና ፎርሙ ላይ ደርሶ መደንገጥ አንድ አይደለም።

የገቢ ማነስ የሚጠቅምበትም ጊዜ አለ

በወረቀት ላይ የሚታየው ገቢ ዝቅ ማለቱ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኛ ቤተሰቦች የሚሰጠው የግብር ድጎማ በ2025 ለባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር የሚቋረጠው ገቢያቸው 68,675 ዶላር ሲደርስ ነው። ስለዚህ 72,000 ዶላር የተመዘገበለት ሾፌር ምንም የማያገኝ ሲሆን፣ ያው ሾፌር 57,600 ተብሎ ቢመዘገብ ተጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ያው የሰባት ሰው ቤተሰብ ምሳሌ በአንድ በኩል ሲጎዳ በሌላ በኩል ሲጠቀም እናያለን ማለት ነው።

እንግዲህ ማን ይቀበል?

አጠቃላይ የማይል ክፍያው ሳይነካበት ፐር ዲየም የሚያገኝ፣ በአብዛኛው መንገድ ላይ የሚያድር፣ ቋሚ ቤት ያለው፣ በቅርቡ የቤት ብድር የማይጠይቅና ዘመድ የማያስመጣ ሾፌር ቢቀበል ይጠቀማል። ከሚቀርለት ገንዘብ ቢያንስ የመዋጮውን ያህል በግል የጡረታ ቁጠባ ቢያስቀምጥ ደግሞ ነገሩ የተሟላ ይሆናል። የማይል ክፍያው በሁለት ሳንቲምና ከዚያ በላይ የሚቀነስበት፣ ለጡረታ የተቃረበና የደመወዝ መዝገቡ አጭር የሆነ፣ ወይም በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ገቢውን ለባንክ ወይም ለኤምባሲ ማሳየት ያለበት ሾፌር ግን «ይቅርብኝ» ቢል አይፈረድበትም።

ከመፈረም በፊት አራት ነገሮችን ከኩባንያው በጽሑፍ መጠየቅ ይበጃል። ከፐር ዲየም በፊትና በኋላ የማይል ክፍያው ድምር ስንት ነው? የአስተዳደር ወጪ ተብሎ የሚቆረጥ ገንዘብ አለ? ኩባንያው ለጡረታ ቁጠባ የሚያዋጣውና የዕረፍት ቀን ክፍያው በየትኛው ገቢ ላይ ይሰላሉ? ሐሳቤን ብለውጥ መውጣት የምችለው መቼ ነው? መልሱን ይዞ በሙያው ፈቃድ ያለው የግብር ባለሙያ ዘንድ መሄድ የመጨረሻው እርምጃ ነው። የአንዱ ሾፌር ቤተሰብ፣ ዕድሜና ዕቅድ ከሌላው ስለሚለይ፣ ለጓደኛ የበጀው ምርጫ ለራስ ላይበጅ ይችላል።