የበገና ድምፅና እንዚራው

በእንጅባራ አጠገብ ባለው በዘንገና ሐይቅ ላይ ድንጋይ ቢወረወር፥ ክቡ ሞገድ እየሰፋ ወደ ዳር ይሄዳል፤ የበገናም ድምፅ እንዲሁ በአየር ተጕዞ ከጆሮ ይደርሳል። ዐሥሩ የአንጀት አውታሮች ረዣዥሞች ስለ ሆኑ ድምፃቸው እጅግ ወፍራም ነው፤ የሰው ጆሮም ወፍራሙን ድምፅ በድካም ይሰማል። ይህን የሚያቀናው በአውታሩና በመቀመጫው መካከል የሚገባው እንዚራ የተባለው ቍራጭ ቆዳ ነው። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን እየነካ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ይወልዳልና፥ ጆሮ በእነርሱ ተመርቶ ወፍራሙን ያገኛል።

ይህን ጥበብ አቶ ዓለሙ አጋ በአዲስ አበባ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀምረው ነበር፤ በደርግ ዘመን ግን ትምህርቱ ተቋረጠ። ዛሬ ወጣቶች ዳግመኛ ይማሩታል። እንዚራን ማስማማት ከመምህር በጆሮ የሚወረስ ነውና፥ መምህር ቢጠፋ በገናው ቢኖር እንኳ ድምፁ አይኖርም።